ዶሮ ቤቱን ማን ያንቀሳቅሰዋል?

የእኛ ዲፓርትመንት ተማሪ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ቢጠየቅ እንኳ የማይስታቸው ቁጥሮች አሉ። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። በጉዝጓዝ ላይ ለሚረቡ ዶሮዎች በ1 ካሬ ሜትር 5 ዶሮ ይመደባል። ለ5 ዶሮ አንድ የእንቁላል መጣያ፣ ለእያንዳንዷ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆጥ ያስፈልጋል። እኔም እነዚህን ሁሉ ተምሬአለሁ፣ ተፈትኜባቸዋለሁ፣ ውጤቴም መቼም መጥፎ አልነበረም። አንድ ቁጥር ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ሰው አልጠየቅሁም። ለመሆኑ የዶሮ ቤቱ ራሱ ስንት ኪሎ ይመዝናል?

በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ነገሩ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ለእናቴ ግን ቀልድ አልነበረም፤ የእቁብ ገንዘቧን አስከፍሏታል።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ተንቀሳቃሽ የዶሮ ቤት የምንለው ወለል የሌለው፣ ዙሪያው በሽቦ የታጠረ፣ በየቀኑ ወደ አዲስ ሣር የሚጎተት ቤት ነው። ዶሮዎቹ ሣሩን ይነጫሉ፣ ትሉንና ነፍሳቱን ይለቅማሉ፣ መሬቱን ይጭራሉ፣ ኩሳቸውን እዚያው ይጥላሉ፣ በማግስቱ ቤቱ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። በአሜሪካ ይህን አሠራር በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ በቨርጂንያ ግዛት የሚያርሰው ጆኤል ሳላቲን ነው። ስለ ሥራው የጻፈው መጽሐፍ በ1993 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የእሱ ቤት ወርዱ 3 ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ60 ገደማ፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ እስከ 75 የሚደርሱ የሥጋ ዶሮዎች ይይዛል፤ በየቀኑም ቦታ ይቀይራል። በዓመቱ በ1994 እ.ኤ.አ. አንዲ ሊ የተባለ ሌላ ጸሐፊ ባወጣው መጽሐፍ «የዶሮ ትራክተር» የሚለው ስም ታወቀ። ትራክተር የተባለው ዶሮዋ እየጫረችና ፍግ እየጣለች መሬቱን ስለምታዘጋጅ ነው። እኛ ዶሮ ጭራ ጭራ የምታወጣው ማረጃዋን ካራ ነው እንላለን፤ እነሱ ደግሞ ጭረቷን ሥራ አድርገው ቆጠሩላት።

እኔ ነገሩን ሳነብ ልቤ የተሰረቀው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በእኛ ሰፈር ሰጋቱራ የሚባል ነገር የለም፤ ጭድም ቢሆን ለከብት ነው የሚቀመጠው፣ ለዶሮ ጉዝጓዝ የሚያነጥፈው የለም። ሁለተኛ፣ በኮክሲዲዮሲስ ትምህርት ላይ እንደምናውቀው ከታመመች ዶሮ ኩስ ጋር የሚወጣው የተውሳኩ እንቁላል ወዲያው በሽታ አያስይዝም፤ ሙቀትና እርጥበት አግኝቶ ለመብሰል ከ1 እስከ 2 ቀን ይፈልጋል። ታዲያ ቤቱ በየቀኑ ከተነሳ ተውሳኩ ሲበስል ዶሮዎቹ ሄደዋል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ የእኛ አገር ኑሮ እንሰት ነው። እንሰት ያለ ፍግ አይሆንም፤ ከብት በተመናመነበት ቤት ደግሞ ፍግ ከየት ይመጣል? የዶሮ ኩስ ጥሩ መልስ ሆኖ ታየኝ።

የሠራሁት ቪላ

ያደግሁት ጉራጌ ውስጥ እዣ ነው። ቤታችን ፊት ለፊቱ ጀፎሮ፣ ከጀርባው የእንሰት ጓሮ አለው። በቤቱና በጀፎሮው መካከል የራሳችን የሆነች ሣራማ ግቢ አለች። አባቴ እንደ ብዙው ያገራችን ሰው ሥራው አዲስ አበባ ነው፤ ቤቱን የምትይዘው እናቴ ናት። ከእሷ ጋር የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች እህቴ አለች።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ለእረፍት ስሄድ ሐሳቤን ለእናቴ አጫወትኳት። እሷም የእቁብ ዕጣ ደርሷት ስለነበር 20 የሳሶ ዝርያ የ45 ቀን ጫጩቶች ገዛች። እኔ ደግሞ ቤቱን ሠራሁ። ወርዱ 2 ሜትር ተኩል፣ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ምሰሶውና ማገሩ ገና ያልደረቀ የባሕር ዛፍ አጣና፣ ጣሪያው አራት ቆርቆሮ፣ ግማሽ ጎኑ ጣውላ፣ የቀረው ሽቦ። ውስጡ ቆጥ አለው፣ አራት የእንቁላል መጣያ አለው። ጎረቤት እየመጣ «ይሄማ ቪላ ነው» እያለ አደነቀ። እኔም ለሪፖርቴ ይሆነኛል ብዬ ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሳሁ።

እኔ በነበርኩባቸው 8 ቀናት ቤቱ በየጠዋቱ ተንቀሳቅሷል። ያንቀሳቀስነው ግን እኔና ሦስት የሰፈር ጎረምሶች አራቱን ማዕዘን ይዘን ነው። ያኔ ይህ ምንም አልመሰለኝም። ከዚያ ለተግባር ልምምድ ተጠራሁና ሄድኩ።

ስልክ ስደውል «ዶሮዎቹ ደህና ናቸው?» እላለሁ፤ እናቴ «ደህና ናቸው» ትላለች። ቤቱ ይንቀሳቀሳል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም፤ እሷም እንዳይከፋኝ ብላ አልነገረችኝም። ጎረምሶቹ አንድ ሁለት ቀን መጥተው ቀሩ፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ዝናቡ ሲበረታ የቤቱ እግር ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። እናቴና እህቴ ሊገፉት ሞከሩ፤ አልነቃነቅ አለ። በ11ኛው ቀን እህቴ ደወለችና «ኩሳቸው ደም ሆኗል» አለችኝ። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አይቶ ኮክሲዲዮሲስ ነው አለ፤ በመጠጥ ውኃቸው ላይ አምፕሮሊየም ሰጠ። መድኃኒቱ እስኪይዝ ድረስ ግን ሰባቱ ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ቤት ስገባ እናቴ አልተቆጣችም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ። «ልጄ፣ ዶሮ ቤት ነው የሠራህልኝ ወይስ ሥራ?»

ጥፋቱ የማን ነው?

በመጀመሪያ በዝናቡ አመካኘሁ። ከዚያ በጎረምሶቹ። ሌሊት ሌሊት ሳስበው ግን ጥፋቱ የእኔ መሆኑ እየገባኝ መጣ። የሳላቲንን ፎቶ ቀዳሁ እንጂ አሠራሩን አልቀዳሁም። የእሱ ቤት ወደ ላይ ረጅም አይደለም፤ ሰው እንዲገባበት አልተሠራም። ከስሩ ገብታ የምታነሳው ባለ ሁለት ጎማ ማንሻ አለችው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠዋት ተነስቶ ቤቶቹን ማንቀሳቀስ ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው አለ። እኛ ቤት ጠዋት ተነስታ ውኃ የምትቀዳው፣ ላሟን የምታልበው፣ እንሰት የምትፍቀው፣ ገበያ የምትወጣው አንድ ሰው ናት። የእኔ ቤት ለዚያች ሴት የጨመረላት አራት ወንድ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

በኋላ እያንዳንዱን እንጨትና ቆርቆሮ እየደመርኩ ሳሰላው ቤቱ ወደ 140 ኪሎ ይጠጋል። አስቡት እንግዲህ፤ ለ20 ጫጩቶች የሚያስፈልገውን ቦታ እስከ ሳንቲ ሜትር አስልቻለሁ፣ ቤቱን ለምትጎትተው እናቴ ግን ምንም ስሌት አልሠራሁም።

ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ተንቀሳቃሽ ሆኖ የማይንቀሳቀስ ቤት ከቋሚ ቤት የባሰ ነው። ቋሚ ቤት ቢያንስ ደረቅ ጉዝጓዝ አለው፤ ሲረጥብ ይገለበጣል፣ ይቀየራል። ወለል የሌለው ቤት አንድ ቦታ ከቆመ ግን ዶሮዎቹ የቆሙት በገዛ ኩሳቸውና በጭቃ ላይ ነው። የቤቱ መድኃኒትነት ያለው በሽቦው ወይም በቆርቆሮው ሳይሆን በየጠዋቱ በሚጓዛት ሁለት ሜትር ተኩል ውስጥ ነው። ያቺን ሁለት ሜትር ተኩል የሚያስኬድ ሰው ከሌለ ሳይንሱም የለም።

ጀሪካኗ

ቪላው እስከ መስከረም ድረስ የማገዶ ማስቀመጫ ሆነ። ለመስቀል ከከተማ የመጡ አጎቶቼ አራት ሆነው ወደ አጥሩ ጥግ ገፉት፤ «ይሄ ነው የሚንቀሳቀሰው?» ብለው ሲስቁብኝ ዋሉ። እኔም ምን ልበል፤ አብሬ ሳቅሁ።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ሁለተኛውን ቤት ስንሠራ እናቴ ሁለት ነገር ተናገረች፤ እኔም ሁለቱን ልክ እንደ አስተማሪ መመሪያ ያዝኳቸው። አንደኛው «ከአንድ ጀሪካን ውኃ አይክበድ» የሚል ነው። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው፤ እናቴ በየቀኑ የምትሸከመው እሱን ነው፣ ክንዷም ወገቧም ያውቀዋል። ሁለተኛው «ማታ ዶሮ ቤት ውስጥ ነው የሚያድረው» የሚል ነው።

ይህ ሁለተኛው ነገር ንድፉን በሙሉ ቀየረው። እስከዚያ ድረስ ቤቱን ከባድ ያደረግሁት ለሌሊቱ ብዬ ነበር። ሸለምጥማጥ እንዳይገባ፣ ጅብና ውሻ እንዳይገለብጠው፣ ብርድ እንዳይመታቸው። ግን እኮ በእኛ አገር ዶሮ ድሮም የሚያድረው ሰው ካለበት ቤት ውስጥ ቆጥ ላይ ነው! ሌሊቱ ቀድሞ የተፈታ ችግር ነው። እኔ መሥራት የነበረብኝ ለቀኑ ብቻ ነው። ቀን ደግሞ ጠላቱ ጭልፊት፣ ድመትና ፋሮ ነው፤ ለእነሱ ቀላል ሽቦ ይበቃል።

ስለዚህ አዲሱ ቤት ቆጥ የለውም፣ ቆርቆሮ የለውም፣ ጣውላ የለውም። ለሚሞክር ሰው እንዲጠቅም አሠራሩን እንዲህ ልዘርዝረው።

መጠኑ 1 ሜትር ከ20 በ2 ሜትር ከ40፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ 2.88 ካሬ ሜትር ማለት ሲሆን ለ10 ዶሮ የቀን መዋያ ይሆናል። አጥንቱ የደረቀ ቀርከሃ ነው፤ ማሠሪያው ባብዛኛው ቃጫ ነው፣ ምስማር ቀርከሃን ይሰነጥቃልና። ዙሪያው የዶሮ ሽቦ ነው፤ ከታች 30 ሳንቲ ሜትሩ ግን ጫጩት እንዳይሾልክ ቀዳዳው ጠበብ ያለ ሽቦ ተደርቦበታል። የጣሪያው ግማሽ ከፀሐይና ከዝናብ እንዲከልል በላስቲክ ተሸፍኗል፤ በላዩ ላይ የእንሰት ቅጠል ይጣልበታል። በጣሪያው ላይ ትንሽ መዝጊያ አለ፤ መኖ የሚገባውም እንቁላል የሚወጣውም በእሱ ነው። የውኃ ዕቃው መሬት ላይ አይቀመጥም፤ ከጣሪያው ይንጠለጠላል፣ ቤቱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ለእንቁላል መጣያ አንድ አሮጌ ቅርጫት ታስሮለታል።

በእህል ነጋዴ ሚዛን ስናስመዝነው 23 ኪሎ ሆነ። ከጀሪካኗ 3 ኪሎ በለጠ፤ እናቴ ግን ይሁን አለች። ምክንያቱም በአንድ በኩል ከፍ አድርጎ ለመጎተት እጅ ላይ የሚያርፈው ግማሹ ያህል ብቻ ነው። ሽቦው ከመወጠሩ በፊት አጥንቱን ለእናቴ ሰጥቼ ግቢውን በሙሉ አስጎትቻታለሁ። እህቴም ጎትታዋለች። እነሱ ካለፉት በኋላ ነው ሽቦ የገዛሁት።

በሥራ ላይ ሳለም ያስተማረን ነገር አለ። ቤቱ ሲጎተት የኋላው አግዳሚ የዶሮ እግር ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ መኖው ከፊት ለፊት ይበተናል፣ ዶሮዎቹ ወደ ፊት ሲሄዱ ቀስ ተብሎ ይሳባል። ከአራት አምስት ቀን በኋላ ራሳቸው ለምደው ሰው ሲያዩ ወደ ፊት ይሰለፋሉ። ቀላል ስለሆነ ንፋስ ያነሳዋል፤ በሁለት ካስማ መታሰር አለበት። መሬቱ ጎድጎድ ባለበት ቦታ ከስር ክፍተት ይፈጠራል፤ ድንጋይ ይደፈንበታል።

ቤቱ በየቀኑ በርዝመቱ ሲጎተት በ30 ቀን ወደ 86 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ግቢያችን ለዚህ ትበቃለች። ወደ መጀመሪያው ቦታ እስኪመለስ ወር ስለሚሆነው ሣሩ ያገግማል። እህቴ «ጀፎሮው ላይ ብናወጣውስ? ሣሩ ሰፊ ነው» ብላ ነበር። እናቴ ግን ጀፎሮ የአገር እንጂ የእኛ አይደለም ብላ ከለከለች፤ እኔም ተስማማሁ። ወደ እንሰቱ ጓሮም ዝም ብለን አላስገባነውም፤ ዶሮ የትንሽ ችግኝ ሥር ይጭራል። የሚገባው በመጪው ዓመት ችግኝ በሚዛወርበት ባዶ መደብ ላይ ነው። ማታ ቆጥ ስር የሚጠራቀመው ኩስ ደግሞ ተለቅሞ ለትልልቆቹ እንሰቶች ይሄዳል።

ለሚነሱ ጥያቄዎች

ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው የተለያየ ጥያቄ አንስተዋል፤ ተገቢም ናቸው።

አንዱ «ሣሩ መኖ ይተካል ወይ?» ይላል። አይተካም። ዶሮ ላም አይደለችም፤ ጭራሞ ነገር የመፍጨት አቅሟ ትንሽ ነው። ሣሩ፣ ትሉና ነፍሳቱ ይደጉማሉ እንጂ 110 ግራሙን አይሸፍኑም። መኖ ይቀርልኛል ብሎ የሚጀምር ሰው ዶሮውን ያስርባል። እንዲያውም ፈትቶ የለቀቃት የአበሻ ዶሮ በሰፈሩ ዞራ የምታገኘውን ያህል በ2.88 ካሬ ሜትር ውስጥ አታገኝም። በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል የምትጥል የአበሻ ዶሮን አስሮ መኖ መግዛት አያዋጣም። ቤቱ የሚጠቅመው ድሮም መኖ እየተገዛላቸው ለሚኖሩ የተሻሻሉ ዝርያዎች ነው። ለአበሻ ዶሮ ከሆነ ለጫጩቶቿ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት የእናቴ ዶሮ 12 ፈልፍላ ነበር፤ ሁለት ወር እስኪሞላቸው ቀን ቀን ከነእናታቸው እዚያ ውስጥ ውለው 10 አደጉ። ከዚያ በፊት በነበረው ጊዜ ይህን ያህል ከተፈለፈለ ጭልፊቱ አራት ቢያስቀር ነው። የአንድ ዶሮ ውጤት ማስረጃ እንደማይባል አውቃለሁ፤ ግን ለመሞከር የሚያነሳሳ ነው።

ሌላው «በሽታ ይከላከላል ትላለህ፣ ፈንግልስ?» ይላል። ፈንግልን አይከላከልም። ፈንግል ከጎረቤት ዶሮ፣ ከገበያ በተገዛች አውራ፣ በሰው ጫማም ይመጣል። ለእሱ መፍትሔው ክትባት ብቻ ነው። ክትባቱ ደግሞ በአንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሆነ የሚመጣው ጎረቤት ተሰባስቦ በአንድ ቀን ማስከተብ አለበት። የአንጀት ትልም ቢሆን እንቁላሉ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ ቦታ መቀየር ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሦስተኛው ጥያቄ ካንድ መምህራችን የመጣ ነው። «500 ዶሮ ለሚያረባ ሰው ምን ይሠራለታል?» ብለውኛል። ምንም። ለእሱ በጉዝጓዝ ላይ የሚረባበት ቋሚ ቤት ይሻለዋል፤ እኔም ይህን አልቃወምም። ግን ከእኛ መካከል ስንቶቻችን ነን ከ500 ዶሮ ቤት የመጣን? ብዙዎቻችን የመጣነው አሥር ዶሮ ካላት እናት ቤት ነው።

ምን ይደረግ?

እንደ እኔ እንደ እኔ ዲፓርትመንታችን ሦስት ነገር ቢያደርግ ጥሩ ነው።

የመጀመሪያው፣ በኮሌጁ እርሻ ላይ አንድ ተንቀሳቃሽ ቤት ተሠርቶ ለአንድ ዓመት ይሞከር። የእኔ ሥራ ሙከራ አይባልም፤ ማነጻጸሪያ የለውም፣ በአንድ ግቢ ብቻ ነው። ክረምትና በጋን ያካተተ፣ ከቋሚ ቤት ጋር የተነጻጸረ ቁጥር ያስፈልገናል።

ሁለተኛው፣ ለአነስተኛ አርቢ የምንነድፈው ማንኛውም ዕቃ ከመሠራቱ በፊት ሚዛን ላይ ይውጣ፤ የሚጠቀምበትም ሰው ያንሳው። እኛ ጎረምሶቹ አንስተነው «ቀላል ነው» ማለት ዋጋ የለውም። የዶሮ ሥራ በአብዛኛው የሴቶችና የልጆች ነው ብለን በክፍል እንማራለን፤ ንድፍ ስንሠራ ግን ይህን እንረሳዋለን።

ሦስተኛው በጣም የሚያሳስበኝ ነው። ፕሮጀክት ስንጽፍ በወጪ ሠንጠረዡ ላይ ጫጩት፣ መኖ፣ መድኃኒት፣ ሽቦና ምስማር እንዘረዝራለን። «የቤተሰብ ጉልበት» የሚለው ቦታ ላይ ስንደርስ 0 ብር ብለን እናልፋለን። እኔም እንዲሁ ጽፌ ነበር። ያ ዜሮ የእናቴ ወገብ ነው። ዜሮ ብለን ስለጻፍነው ዜሮ አይሆንም፤ አንድ ቀን ሰባት የሞቱ ዶሮዎች ሆኖ ሂሳቡ ይመጣል። ብር መተመን ቢያስቸግር እንኳ በቀን ስንት ደቂቃ፣ ስንት ኪሎ፣ የማን ጉልበት የሚል መስመር ይጨመርበት።

እናቴ አሁን ጠዋት ጠዋት ቤቱን ለማንቀሳቀስ አምስት ደቂቃ አይፈጅባትም። ውኃ ከመቅዳቷ በፊት ታደርገዋለች፤ እሷ ከሌለች እህቴ ትስበዋለች። እኔ ሳልደውል፣ ሳላስታውስ፣ ጎረምሳ ሳይጠራ ቤቱ ይሄዳል። በዚህ ዓመት ያገኘሁት ትልቁ ውጤት እሱ ነው።

በጉዳዩ ላይ የተለየ ሐሳብ ያለው ወይም የእኔ ስሌት ስህተት ነው የሚል በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ በደስታ አነባለሁ። ቪላውን ማየት የሚፈልግም ካለ አሁንም አጥሩ ጥግ ቆሟል። ለማንቀሳቀስ ግን አራት ሆናችሁ ኑ።